የተቋረጠውን መቀጠል
በመካነ ሰላምና በአካባቢው ስለ አእምሮ ሕክምናና ስለ ሰዎች ዕርቅ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ከደሴ ተነሥቶ የለጋምቦን ብርዳም ደጋ አቋርጦ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ መካነ ሰላም ይደርሳል። ከከተማዪቱ ባሻገር መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ እያዘቀዘቀ ይሄዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ቦረና፣ ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ ደብረ ሲና እየተባለ የሚጠራው ይህ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶና ተዋልዶ የሚኖርበት፣ ደገኛውና ቆለኛው በገበያ የሚገናኝበት አገር ነው። መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት መሆኑን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ግን ሰላም የራቀውን ሰው፣ ይኸው ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚሄድበትን መንገድ፣ በመንገዱም ላይ የሚያገኘውንና የሚያጣውን ነገር ነው።

በዚያ አገርም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ገጠር ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው «አዝኛለሁ» ወይም «ከቤተ ሰቤ ጋር መኖር አቃተኝ» ብሎ ሕመሙን አይጀምርም። «ራሴን ይወቅረኛል፤ ልቤ ድው ድው ይላል፤ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፤ ሰውነቴን ይጫጫነኛል፤ እንቅልፍ ነሣኝ» ይላል። የሚሰማውም እንዲሁ ነው፤ አያስመስልም። በተራ ተቀምጦ ከሚጠብቀው ሕዝብ ብዛት የተነሣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ያለው ባለሙያ የጨጓራ መድኃኒትና የራስ ምታት እንክብል ጽፎ ይሸኘዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ሰው በያው ሕመም ይመለሳል። ካርዱ እየወፈረ ይሄዳል፤ በካርዱ ላይ ግን በቤቱ ውስጥ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ከማን ጋር እንደማይነጋገር፣ ማን እንደሞተበት፣ ማንስ ርቆ እንደሄደበት አንድም ቃል አይገኝበትም።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንዲት ሴት በምሳሌነት ትቅረብ። ይህች ሴት ለምሳሌ የታሰበች እንጂ በስም የምትታወቅ አይደለችም፤ ቢሆንም በወሎ ገጠር የሠራ ባለሙያ ሁሉ መልኳ አይጠፋውም። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ተዳረች፤ በሁለተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለደች፤ በሦስተኛው ዓመት ትዳሯ ፈረሰ። ልጇን ለእናቷ ትታ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄደች። አምስት ዓመት ሙሉ በሰው ቤት እያገለገለች ገንዘብ ላከች። ከገንዘቡ ከፊሉ ለቤተ ሰቡ የቆርቆሮ ቤት መሥሪያ ሆነ፤ ከፊሉም ለወንድሟ ሠርግ ወጣ፤ የቀረው የት እንደ ገባ አልታወቀም። ስትመለስ ልጅቱ አያቷን «እማዬ» ትላለች፤ እርሷን በስሟ ትጠራታለች። ሌሊት አትተኛም፤ ቀን ከሰው አትቀላቀልም፤ ጎረቤት ለቡና ሲጠራት አትሄድም። ቤተ ሰቡ «እዚያ አገር የሆነ ነገር ነክቷታል» ይላል።

የዚህች ሴት ትዳር መፍረስ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የቤተ ሰብና የወሊድ ጥናት ላይ ተመሥርቶ የወጣ ትንተና እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 ከመቶ የሚሆኑት በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ ይፈርሳሉ፤ ከተፋቱት ሴቶችም ሁለት ሦስተኛዎቹ የሚፋቱት በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ነው። ያለዕድሜ መዳርና ልጅ ማጣት ዋነኞቹ ምክንያቶች ሆነው ተገኝተዋል። ወደ ዓረብ አገር መሄዷም እንደዚሁ የብዙዎች ዕጣ ነው፤ ደቡብ ወሎ ልጆቹን በብዛት ወደዚያ ከሚልኩት አካባቢዎች አንዱ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከሳዑዲ ዓረቢያ ተገደው የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ስለ ትራንስፖርቱና ስለ መጠለያው ብዙ ተነግሯል። ተመላሾቹ ቤታቸው ከደረሱ በኋላ በቤታቸው ውስጥ ስለ ሆነው ነገር የተነገረው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ይህች ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ከመምጣቷ በፊት ሌሎች ሐኪሞችን አይታለች። ይህን የሚንቅ ባለሙያ ካለ አገሩን አላወቀም ማለት ነው።

ሙስሊም ከሆነች፣ ምናልባት ክርስቲያንም ብትሆን፣ በመጀመሪያ የተደረገላት ነገር ወዳጃ ነው። ወዳጃ በወሎ ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣን ጢሶ፣ ጫት ቀርቦ፣ ሰዎች ተሰብስበው የሚያደርጉት የጋራ ጸሎት ነው። ችግር ያለበት ሰው ችግሩን ለተሰብሳቢው ያቀርባል፤ መሪ የሆነው ሰው ዱዓ ሲያደርግ ተሰብሳቢው «አሚን» እያለ ይቀበላል። ዱበርቲ የሚባሉት እናቶችም በበኩላቸው በረከቦቱ ዙሪያ ተቀምጠው ይመርቃሉ፤ ይለምናሉ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ ሐኪም በመጽሐፍ የተማረውን ብዙ ነገር ሊያይ ይችላል። ሕመምተኛው ችግሩን በሰው ፊት ድምፁን አውጥቶ ይናገራል። «ድካምህ ነው፤ ስንፍናህ ነው» የሚለው የለም፤ ችግሩ በእርሱ ላይ የመጣ እንጂ የእርሱ ጠባይ ተደርጎ አይቆጠርም። ከሁሉም በላይ ብቻውን አይደለም፤ የሚያውቁት ሰዎች ስለ እርሱ ብለው አንድ ሌሊት ወይም አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጠዋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በዚህ ቢበረታ ሊያስደንቅ አይገባም።

ነገር ግን በዚያ ጉባኤ ፊት ሊነገር የሚችለውና ሊነገር የማይችለው ነገር ተለይቶ የታወቀ ነው። ሴቲቱ «ራሴን ያመኛል፤ ጋኔን ተጠግቶኝ ይሆናል» ልትል ትችላለች። «ወንድሜ ገንዘቤን በላው፤ እናቴ ልጄን ወሰደችብኝ» ልትል ግን አትችልም፤ ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጧል፤ ቡናውን የምታፈላውም እናቷ ናት። በሰው ቤት ሳለች የደረሰባትን ነገርማ ማን ፊት ታወጣዋለች? ስለዚህ ምርቃቱን ተቀብላ፣ ለጥቂት ቀናት ቀለል ብሏት፣ የሆዷን በሆዷ ይዛ ትመለሳለች።

ክርስቲያን ከሆነች ደግሞ ወደ ጸበል ትሄዳለች፤ የነፍስ አባቷንም ታማክራለች። የነፍስ አባት የቤቱን ምስጢር የሚያውቅ፣ ባልና ሚስትን ገሥጾ የሚያስታርቅ፣ ሲመሽ እንኳ ደጁ የማይዘጋ ሰው ነው። በአንዳንድ ጸበል ቦታ ሕመምተኛን ማሰርና ማስራብ እንዳለ የታወቀ ስለሆነ፣ ይህን አይቶ ዝም ማለት ለባለሙያ አይገባም። ይሁን እንጂ ጸበልንና ክኒንን ጠላት ለጠላት አድርጎ ማቅረብ ሕመምተኛውን ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ማስገደድ ነው፤ እንዲመርጥ የተገደደ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ክኒኑን ይተዋል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ጸበሉን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸው ይታወሳል። ለአእምሮ ሕመምም ይኸው መንገድ ክፍት ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በጊዮን፣ ማለትም በወሊሶ፣ ስለሚደረገው መንፈሳዊ ፈውስና ስለ ዛር አጥንቶ በ1968 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ አሳትሟል። ሙያው በአገራችን ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን ሐኪሙ ወደ ፈዋሹ ደጅ ሄዶ ተመልክቷል ማለት ነው።

ሦስተኛዎቹ ሐኪሞች ሽማግሌዎች ናቸው። የሽምግልና ጥበብ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ንግግር አያልቅም፤ እዚህ ላይ የሚጠቀሰው ለአእምሮ ሕክምና የሚቀርበው ክፍል ብቻ ነው። ሚስት አኩርፋ ወደ ወላጆቿ ቤት ስትሄድ ሽማግሌዎች መሐል ይገባሉ። ሚዜው በተለይ ይፈለጋል፤ ሚዜ ለሙሽራዪቱ እንደ ወንድም ስለሚቆጠር ባልየውን ለመውቀስ አፍ አለው። ሽማግሌዎች ሁለቱን ለየብቻ ያነጋግራሉ፤ የአንዱን ቁጣ ለሌላው አለዝበው ያደርሳሉ፤ ጥፋቱን ይመዝናሉ፤ ካሳ ይቆርጣሉ። በከባድ ጠብ ጊዜ ደግሞ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ እግር ሥር ይወድቃል። ይህ ሁሉ ለታይታ የሚደረግ አይደለም። የተበደለ ሰው ከካሳው ይልቅ የሚፈልገው በደሉ በሰው ፊት በደል ተብሎ እንዲጠራ ነው። በወሎ ልዩ ልዩ ስፍራ አባጋር የሚባሉት አስታራቂዎች የደም ጠብን ሳይቀር ሲያበርዱ የኖሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ሕጉም ለሽማግሌ ስፍራ ሲሰጥ ኖሯል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣውም የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ፣ ውሳኔውን ለፍርድ ቤት ካደረጉ በኋላ ለሽማግሌዎች የማስታረቁን ሥራ ትተውላቸዋል። ይህ ለውጥ ያለ ምክንያት አልመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት፣ በኢትዮጵያ ጥናቱ በተደረገበት በቡታጅራ አካባቢ ገጠር ባል ካገቡት ሴቶች 71 ከመቶ የሚሆኑት በዘመናቸው ከባላቸው ድብደባ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። እንዲህ ባለ አገር «ቻይው፤ ለልጆችሽ ብለሽ» የሚል ዕርቅ ጠቡን ከሰው ዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያበርደውም። ሽማግሌው ቤቱ እንዳይፈርስ ይጨነቃል፤ ሐኪሙ ደግሞ በቤቱ ውስጥ ስላለችው ሰው መጨነቅ አለበት። ሁለቱ አሳቦች ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ የማይሄዱበት ቀን ግን ሐኪሙ የትኛው ወገን መሆኑን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

አሁን ደግሞ ስለ ሐዘን፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ሰፋ ብሎ መናገር ያስፈልጋል።

አማርኛ «እርም ማውጣት» የሚል ቃል አለው። የሞተበት ሰው አልቅሶ፣ ደረቱን መትቶ፣ ሰው ለቅሶ ደርሶት፣ ሰልስቱንና አርባውን ወይም ሰደቃውን አውጥቶ ከሟቹ ጋር የነበረውን ዕዳ ይፈጽማል። እርሙን ያላወጣ ሰው ሐዘኑ በላዩ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ይኖራል። መርዶም የራሱ ሥርዓት አለው። ቁርጡ የሚነገረው ንጋት ላይ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው። በስልክ «ሞታለች» ተብሎ ከሩቅ አገር የሚነገር መርዶ ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። በዓረብ አገር የሞተች ልጅ አስከሬን ሳይመጣ ሲቀር እናት የምታለቅስበት መቃብር የላትም።

ወሎ ይህን ያህል እርም ያልወጣለት ሐዘን ያከማቸበት ምክንያት አለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከዚያም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኃብ ሰው በየመንገዱና በየመጠለያው ሲያልቅ የሚያለቅስ ጉልበት፣ የሚቀብር እጅ ጠፍቶ ነበር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደግሞ በመንግሥት ሠፈራ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ተወሰደ፤ ከግማሽ የሚበልጠውም ከወሎ ነበር። ከመካከላቸው ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት የተለያየበት ብዙ ነው። በወለጋ ቄቶ ስለ ሠፈሩት የወሎ ሰዎች አሉላ ፓንክረስት ያጠናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1992 በመጽሐፍ ወጥቷል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ሠፋሪ ወደ አገሩ ተመለሰ።

የተመላሹ ነገር ለዛሬው ጉዳይ ትልቅ ትምህርት አለው። በሞተ ተብሎ ተዝካሩ የወጣለት ሰው በስድስተኛው ዓመት ደጅ ላይ ሲቆም ምን ይሆናል? እልልታ ይሆናል፤ በግ ይታረዳል። በማግሥቱ ግን ሚስት ሌላ ባል አግብታ፣ መሬቱን ሌላ ሰው ይዞት፣ ልጁ አባቱን ሳያውቀው አድጎ ይገኛል። ሚስት አልበደለችም፤ ባልም አልበደለም፤ የሚወቀስ ሰው ሳይኖር ሁሉም ተጎድቷል። ሽማግሌ ሊፈርደው የሚችል ጥፋት የለም፤ ድንጋይ የሚሸከም በዳይ የለም። በሬዲዮ «አፋልጉኝ» እያለ የሚያስነግር ሰው፣ በቀይ መስቀል በኩል ዘመዱን የሚፈልግ ሰው፣ የሚመኘው መገናኘትን ነው። ከመገናኘት በኋላ ያለውን ጊዜ አስቦ የሚያዘጋጀው የለም። ከዓረብ አገር የተመለሰችው ሴት ጉዳይም ከዚህ አይለይም፤ ልዩነቱ በዘመኑና በመጓጓዣው ነው።

እንግዲህ ዘመናዊው ሕክምና ለዚህ ሰው ምን አለው? የአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ አጭር ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ለመላው አገር ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። በ1979 ዓ.ም. የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ተጀመረ፤ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች የስፔሻላይዜሽን ትምህርት ተከፈተ። ከዚያ በፊት የአገሪቱ የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2005 ዓ.ም. አገር አቀፍ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጣ፤ የአእምሮ ሕክምና ወደ ጤና ጣቢያ ይውረድ የሚለውም አሳብ የመንግሥት አሳብ ሆነ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም ወደ ጤና ጣቢያ የወረደው በአብዛኛው ክኒኑ ነው፤ ንግግሩ ገና በመንገድ ላይ ነው። ክኒን የሚያሻው ሕመም መኖሩ አያጠራጥርም፤ አእምሮው የታወከ፣ ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በምርቃትም በምክርም ብቻ አይተውም። ልጇ በስሟ የምትጠራት ሴት ግን ክኒኑን ውጣ እንቅልፏን ብታገኝ እንኳ፣ ከእንቅልፏ የምትነቃው በዚያው ቤት ውስጥ ነው።

ጄራልድ ክለርማንና ሚርና ዋይስማን የሚባሉ አሜሪካውያን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት፣ በ1984 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያወጡት አንድ የምክር ሕክምና አለ። አካሄዱ ቀላል ነው፤ ድባቴ የያዘው ሰው ሕመሙ በጀመረበት ጊዜ ከሰዎች ጋር በነበረው ግንኙነት ምን እንደ ተለወጠ ይጠየቃል። መልሱም ብዙውን ጊዜ ከአራት ነገሮች አንዱ ነው፤ ሐዘን፣ ከቅርብ ሰው ጋር ጠብ፣ የኑሮ ለውጥ፣ ወይም ብቸኝነት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ያ አንድ ነገር ብቻ ይሠራበታል። ይህን የሰማ የወሎ ሽማግሌ «ታዲያ ይህ ምኑ አዲስ ነው?» ቢል አይፈረድበትም። አዲስ የሆነው ነገር፣ ሕመምተኛው ያለ ወንድም፣ ያለ ጎረቤት፣ ምስጢሩ በማይወጣበት ክፍል ውስጥ እየተናገረ፣ የሚናገረውንም በማግሥቱ በቤቱ እየሞከረ በየሳምንቱ መመለሱ ነው።

ይህ ሕክምና ለነጮች ብቻ የሚሆን እንዳልሆነ በኡጋንዳ ታይቷል። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ በማሳካና በራካይ ወረዳዎች በ30 መንደሮች ውስጥ ወንዶችና ሴቶች በየብቻቸው ቡድን ሠርተው ለ16 ሳምንታት ተሰበሰቡ። ቡድኖቹን የመሩት ሐኪሞች አልነበሩም፤ ለሁለት ሳምንት የሠለጠኑ የአገሩ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ውጤት መሠረት፣ ከሥራው ፍጻሜ በኋላ የከባድ ድባቴ ምልክት ያሟሉት በቡድኑ ከተሳተፉት 6.5 ከመቶ ሲሆኑ፣ ካልተሳተፉት ደግሞ 54.7 ከመቶ ነበሩ። በዚምባብዌም ዲክሰን ቺባንዳ የተባለው የአእምሮ ሐኪም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐራሬ ጤና ጣቢያዎች ግቢ አግዳሚ ወንበር አስቀምጦ፣ የሠለጠኑ አሮጊቶች ሕመምተኛውን ቁጭ ብለው እንዲያነጋግሩ አደረገ፤ በ24 ጤና ጣቢያዎች የተደረገው ሙከራ ውጤትም በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሞ ጥቅሙን አረጋግጧል። የዚያ አገር ሰዎች ሕመሙን ኩፉንጊሲሳ ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። «ሐሳብ ገደለኝ» ለሚል የወሎ ሰው ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ወደ መካነ ሰላም እንመለስ። በከተማዪቱ ሆስፒታል አለ፤ በየቀበሌው ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በተጀመረው መርሐ ግብር የተመደቡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። «ወደ ደሴ ሂጂ» የሚለው መልስ ቀላል ይመስላል። 180 ኪሎ ሜትር ሄዶ ያንኑ ያህል መመለስ፣ የአልጋና የምግብ ወጪ፣ አስታማሚ ይዞ መሄድ ለአንድ ጊዜ ይቻል ይሆናል፤ በየሳምንቱ ግን አይቻልም። በዚያ ላይ ደሴ ራሷ በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ በነበረች ጊዜ የሆስፒታሏ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭትም መንገዱ እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም። ስለዚህ የንግግሩ ሕክምና ሕመምተኛው ካለበት ስፍራ ካልተገኘ ከናካቴው የለም ማለት ነው።

በትንሽ ከተማ ምስጢር መጠበቅ ከምንም በላይ ከባድ ሥራ ነው። ነርሷ የሕመምተኛዋ አማት ዘመድ ትሆናለች፤ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ጎረቤት ነው። «የአእምሮ ክፍል» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት በር ሰው ሲያየው ይሸሻል። ሰሌዳውን ማውረድ ገንዘብ አይጠይቅም። የሴቲቱ የቀጠሮ ቀን ከገበያ ቀን ጋር ቢገጥም፣ ለምን ወደ ከተማ እንደ መጣች የሚጠይቃት አይኖርም። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን ሰው ሁለተኛ ተመልሶ እንዲመጣ ወይም እንዲቀር የሚያደርጉት እነዚሁ ናቸው።

የምሳሌያችን ሴት እንግዲህ ሠልጥና ወደ ተመደበች ነርስ ቀረበች እንበል። በመጀመሪያው ቀን ስለ ራስ ምታቷ ትጠየቃለች፤ ሕመሟ እንደ ሕመም ይያዝላታል፤ ራሷን የማጥፋት አሳብ መኖሩም በግልጽ ይጠየቃል። ይህን መጠየቅ አሳቡን ያመጣል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። ቀጥሎ ራስ ምታቱ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በቤት ውስጥ ምን እንደ ሆነ ትጠየቃለች። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ልጅቱ እርሷን በስሟ እንደምትጠራት ትናገራለች፤ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ታለቅሳለች። ከዚያ ሥራው ይጀመራል፤ እናቷን ምን ብላ ልትናገር ትችላለች? በየትኛው ሰዓት? እናት ከጸሎት ስትመለስ ነው ወይስ እንጀራ ስትጋግር? ነርሷ እንደ እናት ሆና፣ ሴቲቱ እንደ ራሷ ሆና ንግግሩን ይለማመዱታል። ሴቲቱ ከፈቀደች፣ ከፈቀደች ብቻ፣ እናትዬዋ በአንድ ቀጠሮ ትጠራለች። እናት ልጅ የቀማች ሆና ሳይሆን አምስት ዓመት ልጅ ያሳደገች ሆና ትቀበላለች፤ ያለዚያ አትሰማም።

የገንዘቡ ጉዳይ ለሽማግሌ የሚተው ነው። ነርሷ ዳኛ አይደለችም። ነገር ግን ሴቲቱ ሽማግሌ ፊት ከመቅረቧ በፊት ምን እንደምትጠይቅ፣ ስንቱን እንደምትተው፣ ወንድሟ ቢቆጣ ምን እንደምታደርግ አስባበት መሄዷ የሕክምናው ክፍል ነው። ሽማግሌዎቹም ሰውን የሚያሳምመው ነገር ምን እንደሆነ ከሆስፒታሉ ጋር ለአንድ ቀን ተቀምጠው ቢመክሩ ይጠቀማሉ፤ ነርሶቹም ከእነርሱ ይማራሉ። የነፍስ አባቶችን፣ የመስጊድ ኢማሞችንና ዱበርቲዎችንም እንዲሁ ማቅረብ ይቻላል። ከእነርሱ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሕመምተኛ እንዳይታሰር፣ ክኒን የጀመረም እንዳያቋርጥ። በቤቷ ድብደባ ያለባት ሴት ስትመጣ ግን ባልና ሚስትን በአንድ ክፍል አስቀምጦ ማነጋገር አይገባም፤ በዚያ ክፍል የተናገረችው ነገር ማታ ቤት ስትገባ ዋጋ ያስከፍላታልና።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሰው ብዙ አይደለም። በሆስፒታሉ ሁለት፣ በየጤና ጣቢያው አንድ የሠለጠነ ነርስ፣ በወር አንድ ጊዜ መንገድ ሲከፈት በአካል፣ ሲዘጋ በስልክ የሚያማክራቸው የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ በቂ ጅምር ነው። ማኅበሩ ከአባላቱ መካከል ይህን የወር አማካሪነት በተራ የሚይዙ ሰዎችን ሊመድብ ይችላል። የሠለጠነችው ነርስ በስድስት ወር ወደ ሌላ ክፍል የምትዛወር ከሆነ ግን ሥልጠናው ባይሰጥ ይሻላል፤ ሕመምተኛዋ የሆዷን ለአንዲት ሰው አውጥታ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ለሌላ እንድትደግም ማድረግ ሌላ በደል ነውና።

ሴቲቱ በስምንተኛው ሳምንት ስትመጣ ገንዘቧ አልተመለሰም። ወንድሟ በመከር ጊዜ ከፊሉን ለመክፈል በሽማግሌ ፊት ቃል ገብቷል፤ ይክፈል አይክፈል ገና አልታወቀም። ልጅቱ አያቷን አሁንም «እማዬ» ትላለች። ሌሊት ግን ከእርሷ ጋር መተኛት ጀምራለች፤ ራስ ምታቱም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚነሣባት። ጎረቤት ለቡና ሲጠራት አንድ ቀን ሄዳለች። ቀጠሮዋ ለሚቀጥለው የገበያ ቀን ተጽፎላታል።